ጤነኛው ሰፈር

ሰፈራችን ከድሬ ዳዋ ሁሉ ጤነኛው ነው ሲባል የሰማሁት ከኃላፊዬ አፍ ነው፤ ያስባልኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ሥራዬ ወደ አምቡላንስ መስመር የተደወለውን ጥሪ ከመዝገብ እያነሳሁ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያም ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ማሳየት ነው። ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው መንገድ ኩፍኝ እንደወጣበት ልጅ ቀይ በቀይ ሆኗል። የእኛ ሰፈር ግን ነጭ ነው። አንዲት ነጥብ የለችበትም።

«ይኸው ዳታው» አለ ኃላፊዬ፣ እስክሪብቶውን ነጩ ላይ አሳርፎ። «እዚህ የምትቆመዋ አምቡላንስ በሚቀጥለው ወር ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ትዛወራለች።»

ደሜ ፈላ። እዚያ ነጩ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ስኳር የሌለበት ቤት ቢገኝ ደም ግፊት አለበት፤ እናቴ ራሷ አስመኛ ናት። ጤነኛ ሰፈር! ይህንኑ ስነግረው «በወሬ አይሆንም፣ በቁጥር አምጪ» አለኝ።

ቁጥሩ የት እንደገባ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የአምቡላንሷ ሹፌር የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ይኖራል። ስልክ ቁጥሩ የሌለው ቤት የለም። ሰው ሲታመምበት «ስምዎ ማን ነው፣ ቀበሌዎ ስንት ነው» እስኪባል ማን ይጠብቃል? ለእሱ ይደውሉለታል፣ ይመጣል፣ ሆስፒታል ያደርሳል። ለጥሪ ክፍሉ «ወጥቻለሁ» ብቻ ይላል፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቀው የለም። በመስመሩ የሚደውለው ሹፌሩን የማያውቅ፣ መንገድ ላይ አደጋ ያየ መንገደኛ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ጭር ሲል ሄድኩበት። አምቡላንሷን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ተቀምጧል።

«ለምን በመስመሩ ደውሉ አትላቸውም?» ጮህኩበት።

«አቦ አንቺ ደግሞ! ጎረቤቴ ‘ልጄን ድረስልኝ’ እያለች ስታለቅስ፣ ዝጊና በመስመሩ ደውይ ልበላት?»

«ካደረስካቸው በኋላስ ለምን አታስመዘግብም?»

«ወላሂ ጊዜ የለኝም።»

«እንግዲያው ስልክህን አምጣ።»

አመነታ። ስንፍና መስሎኝ ከእጁ ነጠቅኩት። ጋቢና ገብተን እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሱ የማን ቤት እንደሆነና ምን ታመው እንደነበር ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። የዳቦ ሻጯ ምጥ። የጡረተኛው ልብ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በሆዴ እየረገምኩ ወደ ታች ስወርድ በቃሌ የማውቀው ቁጥር መጣ። የእናቴ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱም እኔ ሥራ ላይ በሆንኩበት ሰዓት።

«ይሄስ?»

ዓይኑን ወደ መሪው አዞረ። «እንዳልነግርሽ ማዘርሽ ወላሂ አስብለውኛል» አለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ሦስት ጊዜ ታፍነሽ ሆስፒታል ስትሄጂ እኔ አላውቅም? ለምን በመስመሩ አልደወልሽም?»

ቀና ሳትል «እዚያ ብደውል አንቺ ታነቢዋለሽ» አለችኝ።

ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ። ካርታውን ነጭ ካደረጉት ሰዎች አንዷ የራሴ እናት ናት፤ ያደረገችውም እኔ እንዳልደነግጥ ብላ ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ያናድዳል።

በማግስቱ ያገኘሁትን ሁሉ አስገብቼ ካርታውን ለኃላፊዬ ወሰድኩለት። ሰፈሩ ቀልቷል። መጀመሪያ «የሹፌር ስልክ ደግሞ ዳታ ይሆናል?» ብሎ አሾፈ። ቀጥሎ አንድ ቤት ላይ እስክሪብቶውን አሳረፈ።

«ይሄ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ስህተት ነው። አንዱን ትተሽ ሁለቱን አጥፊ።»

«አላጠፋም» አልኩት። «እናቴ ናት።»

እስክሪብቶውን ከካርታው ላይ አነሳ። «በቃ፣ አምቡላንሷ ባለችበት ትቁም» አለ።

አምቡላንሷ አልተዛወረችም። እናቴም አልተለወጠችም፤ ዛሬም ስትታፈን የምትደውለው ለእሱ ነው፣ ለእኔም አትነግረኝም። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች። እናም በየሰኞው ጥሪዎቹን ልመዘግብ የሹፌሩን ስልክ ተቀብዬ ስቀመጥ ከሰፈሩ ሁሉ በፊት የምፈልገው የእሷን ቁጥር ነው።