ራሔል በግ፣ ዲቦራ ንብ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔ ባል ግን መልአኩን አላስጠጋም ያለ ሰው ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ።

መሪጌታ ነበር፤ ከደብረ ታቦር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ደብር መጽሐፍ ያስተምራል። ሴት ልጅ የወለድሁለት ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ነው። ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለችና እስከዚያ ድረስ ከመጻሕፍት ስም ሲመርጥላት ከረመ። “ሣራ በዕብራይስጥ እመቤት ማለት ነው፤ በባርነት ዘመን የምን እመቤት!” ይልና ይተወዋል። “ልያ የደከመች ማለት ነው” ይልና ይተወዋል። “ሐና ጸጋ ማለት ነው” ያለ ዕለት ልቤ ወደዳት። እሱ ግን “ሐና በየቤቱ አለች” ብሎ አለፋት። ልጄም ያለ ስም ጡቴን ትጠባለች።

በሰባ ቀኗ ትኩሳት ያዛት፤ ጡት ተወች። ባሌ ቄስ ስላልሆነ ማጥመቅ አይችልም። ቀሳውስቱ ደግሞ ታቦቱን ይዘው ገደል ውስጥ ተሸሽገዋል።

“ኧረ አንቱ፣ ልጅቱ ሳትጠመቅ ልትሞት ነው! ለታመመ ሰማንያው ባይሞላም ይፈቀዳል ያሉኝ አንቱ አይደሉም?” ብዬ ጮህሁበት። ሄዶ አንድ ቄስ አመጣ። ቄሱ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

“ቶሎ ልመለስ፣ ባንዳ በአካባቢው አለ። ስሟን ማን እንበላት?”

“ዲቦራ” አለ ባሌ። “ንብ ማለት ነው። ማርም አላት፣ መንደፊያም አላት።”

“መሪጌታ፣ ዲቦራ ጦር ያዘመተች ናት፤ በዚህ ዘመን ነገር ታመጣብዎታለች። ራሔል ትሁን።”

“ራሔል በግ ናት። በግ አንድም የዋህ ነው፣ አንድም ታራጅ ነው።”

“አንድም መሥዋዕት ነው እንጂ!”

አንድም፣ አንድም፣ አንድም! ሊቅና ሊቅ ተገናኝተው ልጄን ረሷት። እኔ መደብ ላይ ታቅፌያት ትንፋሿ ሲያጥር አያለሁ። “ሐና በሏት” ልል አፌ ላይ ደረሰ። ሊቃውንት ሲነጋገሩ ሴት፣ ያውም አራስ፣ አታቋርጥም ተብዬ ያደግሁ ነኝና ዋጥሁት። ያን ሰዓት ያልጮኸ አፍ ምን ይሠራል! ቢቃጠል ይሻለው ነበር።

ድንገት ከደጅ “ባንዳ መጣ!” ተባለ። ቄሱ ዕቃቸውን ሰብስበው በጓሮ ወደ ገደሉ ወረዱ። ውኃው ገና አልተባረከም ነበር።

ባንዳው መንደሩ ውስጥ ሰፍሮ የገደሉን መንገድ ዘጋ፤ ልጄ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባሌ ራሱ ቆፍሮ ቀበራት። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ መቆፈሪያውን ጣለና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ።

“አንቺስ ማን ልትያት አስበሽ ነበር?”

አልነገርሁትም። ሲሞትም አልጋው አጠገብ ነበርሁ፤ ያኔም አልነገርሁትም።