ኮፈኖው ላይ ያለችው ልዕልት

በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ እሑድ አመሻሽ ላይ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቁ ከሚንሸራሸሩት አብረቅራቂ መኪኖች በግማሾቹ ኮፈኖ ላይ ሥዕል የሣለችው ሄርሊንዳ ናት። ኮፈኖው ጥግ ላይ ስሙን የሚጽፈው ግን ወንድሟ ኦክታቪዮ ነበር፤ ጋራዡ የሱ ነዋ! «ሴት ሣለችው ከተባለ ማን ደንበኛ ይመጣል?» ይላታል። የሰፈሩ ሰው ለመብቱ ሰልፍ ሲወጣም መፈክሩን እሷ ትጽፋለች፣ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው እሱ ነው። ነገሩ ያንገበግባል፤ እሷ ግን ስንት ዓመት ችላው ኖረች።

አንድ ቀን ፊደንሲዮ የሚባል ደንበኛ ሸቭሮሌውን ይዞ ሲመጣ ኦክታቪዮ ምን እንደነካው እንጃ፣ «በቃ፣ ይቺን አንቺ ፈርሚባት» አላት። ሄርሊንዳ በደስታ ምሳም አልበላላት አለ።

ፊደንሲዮ የፈለገው በየሰዉ ወጥ ቤት የሚሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው፤ በድሮ የሜክሲኮ ተረት ያለው ጦረኛ ፍቅረኛው የሆነችውን ልዕልት ታቅፎ የቆመበትን። የልዕልቲቱ መልክ ግን የሚስቱ የኦራሊያ እንዲሆን አዘዘ። ኦራሊያም ከስፌት ፋብሪካ እንደወጣች መጥታ ሄርሊንዳ ፊት ተቀመጠች።

«በይ ዓይንሽን ጨፍኚልኝ።»

«ለምን? ልዕልቲቱ ተኝታ ነው እንዴ?»

«ሞታ ነው እንጂ።»

«ውይ! ስንት ዓመት ወጥ ቤቴ ሰቅያት፣ እንደኔ ከሥራ ገብታ ደክሟት መስሎኝ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ኦራሊያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ሄርሊንዳዬ፣ እባክሽ አትግደይኝ። ዓይኔን እንደተከፈተ ተይልኝ» አለቻት።

ሄርሊንዳ ሐሙስ ሐሙስ በምትሄድበት ቺካና የሚባሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ስብሰባ ስለ ሴት ልጅ መብት ስታጨበጭብ ነው የኖረችው። ይቺን ሬሳ በገዛ እጇ ስንቴ እንደሣለቻት ግን አስባው አታውቅም። አፈረች። ልዕልቲቱንም ዓይኗን ገልጣ፣ የሚያያትን ሰው ፊት ለፊት እያየች ሣለቻት።

ፊደንሲዮ መጥቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ሆና ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ? የጓደኛ መሣቂያ ልታደርጊኝ ነው? ዓይኗን ጨፍኚ!»

«ዓይኑ የኦራሊያ ነው። አምጣትና እሷው ትጨፍነው።»

ፊደንሲዮ ሚስቱን ያውቃታል፤ እሺ እንደማትለው ገብቶት ወደ ኦክታቪዮ ዞረ። ኦክታቪዮ እህቱን ወደ ጥግ ይዟት ሄደ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ጠብታ ቀለም እኮ ነው! ጨፍኛትና ስምሽን ጻፊ። ዕድሜሽን ሙሉ ስትለምኚኝ የኖርሽው ይሄንኑ አይደል?»

እውነቱን ነው፤ ይህንኑ ነው የለመነችው። ቀጭኗን ብሩሽ አንስታ ኮፈኖው ላይ ጎንበስ አለች። የኦራሊያን ዓይን አየችና ቀና ብላ ብሩሹን ለወንድሟ አስጨበጠችው።

«እንካ፣ አንተ ጨፍናት። ስትጨርስም ፈርምባት። እኔ ሬሳ ላይ ስሜን አልጽፍም።»

ሽርጧን ፈትታ ወጣች። መንገድ ላይ አለቀሰች፤ አልተመለሰችም ግን።