የእናቴ አልፋልፋና የግንቦቱ ዋግ

ዛሬም አልፎ አልፎ አዲስ ሣር በታጨደበት ሳልፍ፣ የአተር እሸትን የሚያስታውስ አንድ ጠረን ይመጣብኝና፣ በደርግ ዘመን ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል። የአልፋልፋ ጠረን ነው።

አባቴ አንድ ሰኔ ከመሥሪያ ቤቱ ዘሩን በመሀረብ ቋጥሮ አምጥቶ ከኩሽናው ጀርባ በነበረች ጠባብ መደብ ዘራው። አልፋልፋ ሦስት ሦስት ቅጠል የሚያወጣ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያብብ የከብት መኖ ነው፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ፣ በበጋ ሌላው ሣር ሁሉ ሲደርቅ እርሱ እንደለመለመ ይቆይ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ አንድ እቅፍ አጭዳ፣ እርጥቡ ሆድ ይነፋል እያለች ጠሉ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ቦራ ለምንላት ላማችን ትሰጥ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ ደካማ ነበርና፣ ከቦራ ወተት በቀር ሆዱ የሚቀበለው ነገር አልነበረም። ወተቱ ቢቋረጥ የሚሆነውን በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ሲያባራ፣ መደቡ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ነጭ የትምህርት ቤት ካልሲዬ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ቅጠሉን ገልብጬ ባይ፣ ከጀርባው በኩል የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት አየሁ። ዋግ የሚሉት የሰብል በሽታ ነበር። እናቴ ግን፣ ለምለሙን ያየ ሁሉ ሲያደንቀው ሰንብቷልና፣ «ዓይን ነው» አለች፤ በግንቦት ልደታ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል በባልዲ ውኃ ላይ ጠብ አድርጋ፣ በየቀኑ አመሻሹ ላይ በቅርንጫፍ እየነከረች መደቡን ትረጨው ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው፣ «አንቺ፣ ክርስትና ካነሳሽው አይቀር ስሙን ማን አልሽው?» አሏት።

«አስካለ ብዬዋለሁ፤ እርስዎን የሚነቅል እንደሌለ፣ እሱንም የሚነቅለው እንዳይኖር» አለች እናቴ፣ መርጨቷን ሳታቋርጥ።

ዋጉ ግን ባሰበት። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ረገፈ፤ ቦራ የቀረውን አሽትታ ትተወው፣ ወተቷም ከቀን ወደ ቀን ይቀንስ ጀመር።

«ባለሙያ ጠይቄያለሁ» አለ አባቴ። «ከሥሩ ታጭዶ ከግቢ ይውጣ ነው የሚለው። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል።»

«ካላቆጠቆጠስ?» አለች እናቴ።

አባቴ የማጭዱን ስለት በአውራ ጣቱ ፈተነ።

«እንግዲያው ከባለሙያህ ጋር ሆናችሁ ልጄን ገለባ አብሉት!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ጠዋት፣ አባቴ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሳይሄድ፣ ማጭዱን ይዞ ቢወጣ እናቴን መደቡ ዳር ቁጢጥ ብላ አገኛት። አንድ እግር አልፋልፋ በቢላዋ ቆፍራ አውጥታ፣ ሥሩን ለሁለት ሰንጥቃ ታየው ነበር፤ ውስጡ አልበሰበሰም፤ ነጭ ነበር። ብዙ ካየችው በኋላ ተነሥታ ማጭዱን ከእጁ ተቀበለችው፤ መደቡንም አፈሩን እስኪነካ ድረስ ማንንም ሳታስጠጋ ብቻዋን አጨደችው።

ፉርሽካ እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረምና፣ ቦራን ያቆያት አባቴ ከተክለ ሃይማኖት በኩል ተሸክሞ የሚያመጣው ገለባና እትዬ አስካለ ሳይጠየቁ የሚልኩት የጠላ አተላ ነበር። ማሙሽ በቀጠነ ወተት እየተነጫነጨ ሰነበተ፤ እናቴም በየጠዋቱ ፊቷን ሳትታጠብ መደቡን ታይ ነበር። ሰኔ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ጮኻ ጠራችን፤ ከጉቶዎቹ ላይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ ወጥቶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕፅዋት በሽታ ስማር፣ ዋግ የሚበረታው በእርጥብ ቅጠል ላይ መሆኑን፣ የየምሽቱ ርጭትም ሳያግዘው እንዳልቀረ ተረዳሁ። ለእናቴ ቃላቴን መርጬ ነገርኳት። «እሺ፣ ሥሩንስ ማን ጠበቀው?» አለችኝ።

ዛሬ በግቢያችን ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ማሙሽም የሁለት ልጆች አባት ነው። እኔ አሁን ገበሬዎች ዋግ የያዘው አልፋልፋ ሲያሳዩኝ፣ በስንት ሳምንት እንደሚያቆጠቁጥ አውቃለሁና ሳላመነታ «እጨዱት» እላለሁ። እናቴ የልጇን ምግብ በገዛ እጇ ስታጭድ የምታውቀው፣ የአንድ ሥር ውስጡ ነጭ መሆኑን ብቻ ነበር።