ውሃ ልክና የቤታችን ደፍ

ባለቤቴ ግንበኛ ነው። የግድግዳን መዝመም በዓይኑ ብቻ ስለሚለይ የሥራ ጓደኞቹ በመሣሪያው ስም «ውሃ ልክ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት መሠረት ከውሃ ሲጠብቅ ኖሯል። የእኛ ቤት ግን ከመንገዱ በታች ነው። ስንገባ እኩል ነበር፤ መንገዱ ላይ አፈርና ጠጠር ሲደፉ እኛ ሳንነቃነቅ ወረድን።

በየዓመቱ ዝናብ ሳይጀምር የበሩ ደፍ ላይ አንድ ረድፍ ጡብ ይጨምራል፤ በሩንም ከሥሩ በመጋዝ ይቆርጠዋል።

«ውሃ ልክ፣ ሱሪ ነው እንዴ በየዓመቱ የምታሳጥረው?» ትለዋለች ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ።

«ዝም በይ አንቺ! የስፌት መኪናሽ ሲዋኝ እናያለን።»

እናቱ አብረውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው እሺ ስለማይል አምስተኛው ረድፍ ከተገነባ ወዲህ ደፉን ብቻቸውን መሻገር አቃታቸው። እኛ ሥራ ከዋልን ፀሐይ ሳያዩ ይመሻል።

ዘንድሮም ጡብ ይዞ ሲመጣ፣ «ይቅርብህ ልጄ፤ ውሃው ይግባ፣ እኔ ልውጣበት» አሉት።

«እማዬ፣ አልጋሽ ሥር ሲገባስ ምን ልትዪ ነው?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስድስተኛውን ረድፍ ገነባ፤ የቤቱንም ሥር ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነው። «ከእንግዲህ ጠብታ አያልፍም» አለ።

በበሩ አላለፈም። ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን ወለሉ አላበው፤ ከዚያ ከወለሉ ስንጥቅ ውሃ መመንጨት ጀመረ። እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። በባልዲ ብንቀዳ ብንቀዳ ይተካል። እናቱ አልጋ ላይ እግራቸውን ሰብስበው ያዩናል። ዝናቡ ሲያባራ የውጪው ውሃ በመንገዱ ዳር ቦይ ሄደ። የእኛን ግን ደፉ ያዘው።

ውሃ ልክ መዶሻውን አንስቶ ስድስቱንም ረድፍ አፈረሰው። ውሃው ወጣ። ግድግዳው ላይ የቀረውን የውሃ መስመር በጣቱ ተከተለው።

«ፀጉር ታህል አልዛነፈም» አለ፤ እየሳቀ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

እናቱ ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ወጡና ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እሱ ጡቦቹን አንድ በአንድ ፍቆ በሩ አጠገብ ደረደራቸው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ።

«ልመልሰው?» አለኝ። ስለ ግንብ ጠይቆኝ አያውቅም።

ውጭ እናቱን አየሁ፤ ውስጥ ደግሞ እርጥቡን ፍራሽ። ጡቦቹን እንዳሉ ትቼ ባልዲውን አንስቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩት።