የእንዝርት እግር

ፀጉር ቤቱ ሦስት ወንበር አለው። በመሃለኛው ወንበር የሚሠራው ፀጉር ቆራጭ ቆሞ አያውቅም። እውነተኛ ስሙን የምታስታውሰው እናቱ ብቻ ስትሆን፣ የተቀረው ሰው እንዝርት ይለዋል፤ ሲሾር ውሎ ሲሾር ያመሻል። በወንበሩ ዙሪያ ያለው የሊሾ ወለል እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ ውሃ ከፈሰሰ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። መስታወቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ አራት እንዝርት አየሁ ብሎ የማለ ደንበኛም አለ።

በሽታው የያዘው ስዊንግ ከሚሉት ዳንስ ነው። ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለው አዳራሽ፣ ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ፣ የከተማው እረፍት የለሽ ሁሉ ይሰበሰባል። ጥሩምባ የበዛበት የድሮ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ሰው ሰውን እንደ ኳስ ይወረውርና መሬት ሳይነካ መልሶ ይስበዋል። ጡረታ የወጣች አዋላጅ አለች፤ እጁን ይዛ ያሽከረከረችው ሰው ሁሉ ዳግም የተወለደ ይመስለዋል። አለቃቸው ትራፊክ ፖሊስ የነበረች ሴት ናት፤ ሕጓም አንድ ነው። ፊሽካ ነፍታ “ቀይሩ” ካለች፣ የያዝከውን ለቀህ በስተቀኝህ ወዳለው ሰው ታልፋለህ። የጀመርኩትን ልጨርስ ማለት አይሠራም። ባልና ሚስት ሆነው የገቡ እንኳ የሚገናኙት ሲወጡ ደረጃው ላይ ነው።

ጉዱ የመጣው ይህ ሕግ ፀጉር ቤት የገባ ዕለት ነው። እንዝርት በግራና በቀኝ የሚሠሩትን ሁለት ባልደረቦቹን አዳራሽ ይዞ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እነሱንም ለክፏቸዋል። አንድ ሰኞ ሬዲዮው ድንገት ጥሩምባውን ቢለቀው፣ እንዝርት ሳይታወቀው “ቀይሩ” አለ። ሦስቱም መቀሳቸውን እንደያዙ አንድ አንድ ወንበር ወደ ቀኝ አለፉ፤ የመጨረሻው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ሄደ። ከዚያም ደግመው አለፉ። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ መሃል የተቀመጡት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከፊት ወታደር፣ ከጎን ገጣሚ፣ ከኋላ የተሸለተ በግ መስለው ተነሡ።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት የእንዝርት ታላቅ እህት ናት። ከአባቷ ወንበሮቹንም ቁጣውንም ወርሳለች።

“እትዬ፣ እኔ እኮ...”

“ዝም በል። ሰውዬው ብቅ ሲሉ የተማሪው ሰልፍ በሳቅ ፈረሰ። ከዛሬ ጀምሮ እግርህ ከወለሉ ከተነሣ ወንበሩን ለሌላ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ የልጄ ሙሽራ ሊቆረጥ ይመጣል፤ በሱ ራስ ላይ እፈርድብሃለሁ።”

“ወንበሩን ከወሰድሽብኝ ምን ልሠራ ነው?”

“ዳንሰኛ አይደለህ? ጨፍረህ ብላ።”

ወንበሩ አባታቸው ሲቆርጡበት የኖሩት ነው። እንዝርት በልጅነቱ ሥሩ ተኝቷል፣ ሲያድግ አጠገቡ ቆሟል፤ በዓለም ላይ ሌላ የት እንደሚቆም አያውቅም። ስለዚህ እንደ ምሰሶ ተተከለ።

እግሩ ቢቆምም እረፍት ማጣቱ ሌላ መውጫ ፈለገ። መጀመሪያ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከጉልበቱ ወደ ትከሻው ወጣ፤ ሐሙስ ላይ ቅንድቡ ብቻውን ይጨፍር ጀመር። የመታጠቢያው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ሲል ምት እየሰጠ ቢያስቸግረው፣ በዚያው ዕለት የቧንቧውን አፍ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ዓርብ አዳራሽ አልሄደም።

ቅዳሜ ሙሽራው መጣ። እትዬም በቅርብ ልታይ በስተቀኝ ባለው ወንበር ተቀመጠች፤ የዚያ ወንበር ቆራጭ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር።

“ጋሼ እንዝርት፣ ነገ ሰው ፊት ነው የምቆመው” አለ ሙሽራው።

“አይዞህ፣ እኔም ይኸው ቆሜያለሁ።”

ጀመረ። መቀሱ ይሄዳል፣ ማበጠሪያው አይከተለውም። የግራው ጎን ከፍ አለበት፤ ቀኙን ከሱ ጋር ላስተካክል ቢል ቀኙ በለጠ። ግራውን እንደገና ነካው። የሙሽራው ፀጉር በሁለቱም ጆሮ በኩል እንደ አሳንሰር ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

“ወዴት እየወጣህ ነው?” አለች እህቱ።

“ቀኙን ከግራው ጋር ላገናኝ ብዬ ነው።”

“አናቱ ላይ ሊገናኙልህ ነው እኮ።”

“ሠርጉን ብናራዝመውስ?” አለ ሙሽራው፣ ቀስ ብሎ።

እንዝርት መቀሱን አስቀመጠ። “እትዬ፣ እኔ እየዞርኩ ነው የማየው። ስቆም አንድ ጎን ብቻ ነው የሚታየኝ። እግሬን አስረሽ እጄን አትጠይቂኝ።”

እህቱ የሙሽራውን ራስ አየች፤ ከዚህ በላይ ሊበላሽ የሚችል ነገር አልታያትም።

“በል ተነቃነቅ” አለች። “በልክ ግን።”

በስተግራ ያለው ቆራጭ ይህን ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ሬዲዮውን ከፈተ። እንዝርት አንዴ ወንበሩን ዞረ፣ ደገመው፤ የሳምንት ዕዳውን የሚከፍል ይመስል ነጎደ። መቀሱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንኳኳ። ደረጃ ደረጃ የነበረው ፀጉር ተጠጋጋ፣ ለዘበ፤ መስታወቱ ውስጥ ሰው ልጁን የሚድርለት ጎልማሳ ብቅ አለ። እትዬ ትንፋሿን ለቀቀች።

ጥሩምባው ግን ገና አላለቀም። ከፍ ብሎ ሲጮህ የእንዝርት ከንፈር “ቀይሩ” አለ። የግራው ቆራጭ ወደ ሙሽራው አለፈ፤ የእንዝርት መቀስም ወደ ቀኝ።

ቅጭ።

ከእትዬ ጆሮ አጠገብ የተቆረጠ ረጅም ዘለላ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

ሬዲዮው ብቻውን ቀጠለ። ሙሽራው ዓይኑን ጨፈነ። እንዝርት መቀሱን ከጀርባው ሸሸገ፤ ወንበሩንም በዓይኑ ተሰናበተው።

እትዬ ዘለላውን አንሥታ ገላበጠችው። መስታወት ፊት አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

“ሠርግ ቤት በአንድ ጎን ልሄድ ነው?”

“ኧረ በፍጹም።”

“እንግዲያው ምን ቆመሃል? ዙር።”

ዞረ። ትከሻዋ ላይ ካለበሳት ጨርቅ በታች ጫማዋ ወለሉን መታ፣ ደግሞም መታ። እትዬ እስከዛሬ የቧንቧው ጠብታ ነው ትላለች። ቧንቧው ግን ከሐሙስ ጀምሮ በጨርቅ እንደታሰረ ነበር።