ቀሚሱን ያመጡት ሽማግሌ

ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። በቀደም አንድ ብራዚላዊ ሽማግሌ ላባና ብልጭልጭ የበዛበት ቀሚስ ይዘው መጡ። «ለካርኒቫል፣ ለአገሬ የጎዳና ጭፈራ በዓል ነው፤ ወገቡ ስለጠበበ አስፊልኝ» አሉ።

«ባለቤትዎ ትምጣና ልለካት» አልኳቸው።

«የምለብሰው እኔ ነኝ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሜትሩን መልሼ ጠቀለልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አንገቴን ደፍቼ ወገባቸውን መለካት ጀመርኩ። እየለካሁ «ድሮም ይለብሱ ነበር?» አልኩ።

«በወጣትነቴ እንደኔ ወንድ የሚወድ ወንድ ቀሚስ ለብሶ መንገድ የሚወጣው በካርኒቫል ብቻ ነበር። በሌላ ቀን ፖሊስ ያስረን ነበር። አንድ ዓመት በዓሉ ባለቀ ማግስት፣ ጠዋት፣ ቀሚሴን ሳላወልቅ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ፖሊስ ያዘኝ።»

«አሰረዎት?»

«የዝናብ ካፖርቱን አልብሶ ቤቴ አደረሰኝ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ከዘራ የያዙ ሌላ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «ቶሎ በል እንጂ! መኪናችንን ቶው አድርገው ጎትተው ሊወስዷት ነው!» ብለው ጮኹ።

ደንበኛዬ እጃቸውን እንደዘረጉ ሳቁ።

«ፖሊሱ ይኸውልሽ» አሉኝ። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳዋከበኝ ነው።»