ተራ ቁጥር ስድስት፣ መወጣጫ

ወንድሜ የአንድን ቤት የውጭ ግድግዳ ለመቀባት ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቤቱን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። በዚህ የተነሳ በሠፈሩ የሚጠራው «ሦስት ዙር» እየተባለ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ለግድግዳው ነው። መዳፉን ለጥፎ ያነሳዋል፤ መዳፉ ነጭ ዱቄት ይዞ ከመጣ አሮጌው ቀለም ሞቷል፣ አዲሱን አይሸከምም ማለት ነው። በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ልስኑ የባዶ እንስራ ድምፅ ከሰጠ ከግንቡ ለቋል። ሁለተኛው ዙር ለውኃ ነው። አሸንዳው የት እንደሚያፈስ፣ እርጥበቱ ከመሬት ተነስቶ የት ድረስ እንደወጣ ያያል። ሦስተኛውን ዙር «ይሄ የራሴ ነው» ይለዋል። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያይም። የሚያየው መሬቱን ነው፤ ሲሠራ እግሩ የሚቆምበትን።

ከዚያ አንድ ቁጥር ይናገራል። አንድ ብቻ።

«ይሄ ሁሉ ለቀለም?» ይሉታል።

«ለቀለም አይደለም» ይላል። ከዚያ በላይ ማስረዳት አይችልበትም ነበር።

አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነበር። እሱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ብሩሽ ያዘ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መዝገብ አያያዝ ተማርኩ። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የተመረቅሁ ዕለት ለእንግዶቹ፣ «በቤታችን ሁለት ቀለም ቀመስ አለ፤ እሷ በዓይኗ፣ እኔ በሳንባዬ» ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። አሮጌ ቀለም ሲፍቅ፣ ብናኙን ሲውጥ ውሎ ማታ እንዴት እንደሚያስል የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ ቢሆንም ሳቅሁ።

ሃምሳ ዓመት ከሞላው ወዲህ ግን የሚያስፈራው ሳንባው አልነበረም። የግራ ጉልበቱ ነው። ሳያስጠነቅቅ ይከዳዋል፤ ቆሞ እያወራ በድንገት እጥፍ ይላል። ሐኪሙ ከመሰላል እንዲርቅ ነገረው። እሱም ከራሱ ጋር አንድ ውል ገባ፤ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ያለውን ግድግዳ ሁሉ በመወጣጫ ብቻ ሊቀባ። አጣና ያስራል፣ ጣውላ ያነጥፋል፣ ጣውላው ላይ ቆሞ ይሠራል። «መወጣጫ ላይ ጉልበቴ ቢከዳኝ ቁጭ እላለሁ» ይል ነበር። «መሰላል ላይ ግን መቀመጫ የለም።» ይህን የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነበርን። ቀቢ ጉልበቱን እንደሚያመው ከተወራ ማን ይጠራዋል?

አጣናና ጣውላ መከራየት፣ ማሰርና መፍታት ዋጋውን ከፍ አደረገው። በዚያ ዓመት ሦስት ሥራ በተከታታይ አመለጠው። አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሄጄ ኮርኒስ ኮርኒሱን ሲያይ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ሰው ያልገባውን አይከፍልም» አልኩት። «ዘርዝረህ ጽፈህ ስጣቸው።»

«ዋጋ የታሰረ ነዶ ነው፤ ከፈታሽው ሁሉም የወደደውን ይመዛል።»

«እውነተኛ ዝርዝር ከሆነ ምኑን ይመዛሉ?»

«አይ ምሁሯ! አንቺ እኮ ሰውን የምታውቂው በፋይሉ ነው።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ስትልህ ጻፍ እንጂ» አለችው። «ሦስት ዙር ዞረህ ባዶ እጅህን ከምትመጣ፣ አራተኛውን ወረቀት ላይ ዙር።»

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሰባት ተራ አለው። አንድ፣ ግድግዳውን ማጠብ። ሁለት፣ የለቀቀውን ቀለም መፋቅ። ሦስት፣ ስንጥቅ መድፈንና ልስን መጠገን። አራት፣ ግድግዳው ቀለሙን እንዲይዝ የሚቀባው ፕራይመር። አምስት፣ ሁለት እጅ የውጭ ቀለም። ስድስት፣ መወጣጫ። ሰባት፣ የእጅ ዋጋ። እያንዳንዱን እየጠየቅሁት ስሞላ እኔም ገረመኝ። ቀለሙ ከጠቅላላው ሩብ እንኳ አይሞላም። መወጣጫው አንድ አምስተኛ ነው። የቀረው ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚሠራው፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ማንም የማያየው ሥራና የእሱ ድካም ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ቁጥር ውስጥ አጥፎ ይዞት የኖረው ይህ ነበር።

ቅጹ ሠራ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችና «እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምከፍለው ለቀለም መስሎኝ ነበር» አለች። ሳትከራከር አሠራችው። ወንድሜ ማታ ደውሎ «ወረቀትሽ አንደበት አለው» አለኝ። ከምስክር ወረቀቴ ይልቅ በዚያች ንግግር ኮራሁ።

ቀጣዩ ደንበኛ መድኃኒት ሻጭ ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለው። ዝናብ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቷል፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር የውጭ ሥራ የለም። ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ሁለት ወር ሆኖት ስለነበር ይህ ሥራ እንዳያመልጠው ይፈልግ ነበር። ቅጹን በሁለት ቅጂ ሞልቼ ሰጠሁት።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ በዚያ በኩል አለፍኩ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ አልቆ ነበር። ወደ ጓሮ ስዞር ወንድሜን ከፎቁ መስኮት በላይ መሰላል ላይ አየሁት። መሬቱ ወደ ውኃ መውረጃው ቦይ ያዘነበለ ስለሆነ ከመሰላሉ አንድ እግር ሥር ጡብ ተደርጓል።

«ጋሼ! መወጣጫው የት አለ?»

«ተሰረዘ።»

«ማን ሰረዘው?»

«በማስመሪያ ነው የሰረዘው፤ ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር። ቀጥ ያለ።»

«ውረድ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለና አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ። የግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ሲያሳርፍ አየሁ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

መድኃኒት ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹን ተራ በተራ አንብቦ፣ «ማጠቡ ገባኝ፤ መፋቁ ገባኝ» ብሎት ነበር። «ይሄ ስድስት ቁጥር ግን ግድግዳዬ ላይ አይቀርም። ሥራው ሲያልቅ ፈትተህ ይዘኸው ለምትሄደው ነገር እኔ ለምን እከፍላለሁ?»

«ምን አልከው?» አልኩት።

«ምን ልበለው? ‹አርጅተሃል እንዴ? ያለፈው ቀቢ በመሰላል እንደ ጦጣ ነበር የሚወጣው› አለኝ። እንግዲያው ጦጣውን ጥራ እንዳልለው ዝናቡ ደርሷል።»

«ጉልበትህን ብትነግረውስ?»

«መድኃኒት ሊሸጥልኝ?»

እኔ አልሳቅሁም። እሱ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቂም በሌለው ድምፅ፣ «በአፌ ብነግረው ኖሮ መወጣጫዬ ዋጋው ውስጥ ነበር» አለ። «አያየውም። ያላየውን ደግሞ አይሰርዝም።»

«አጣናውን እኔ እከራያለሁ። ዛሬውኑ።»

«በአንቺ ደሞዝ የሰው ቤት ልቅባ? ነውር ነው። ተይው እቱ፤ የቀረኝ ይሄ የጓሮው ብቻ ነው፣ ሁለት ቀን።»

መድኃኒት ሻጩን ላናግረው በሩን አንኳኳሁ። በትሕትና ተቀበለኝ፤ የራሱን ቅጂ አምጥቶ አሳየኝ። ስድስተኛው ተራ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ጠቅላላው ዋጋ ተስተካክሏል። ከሥር «በዚህ ተስማምቻለሁ» ይላል፤ የወንድሜ ፊርማ አለበት። «ወረቀቱን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት አሉ» አለኝ። «እጅግ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት። ሌሎቹ ቀቢዎች ዝም ብለው ቁጥር ይጠሩብናል። እኔ ምን እንደምከፍል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።» ስለ ጉልበቱ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ከጓሮ ብቅ ብሎ በዓይኑ ከለከለኝ። የሰው ምስጢር ነው፤ የእንጀራው ነገር ነው። አልነገርኩትም። ሰዓቴን አየሁ፤ የምሳ ሰዓት አልቆ ነበር። ሥራ የምገባበትን ሰዓት የማሳልፍ ሰው አይደለሁምና ሄድኩ።

በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወደቀ። ሰዓቱን የማውቀው መድኃኒት ሻጩ ለአምቡላንስ የደወለበት ደቂቃ ስለተመዘገበ ነው። ጉልበቱ ከድቶት ይሁን ጡቡ ተንሸራቶ አላውቅም፤ ያየ ሰው የለም፣ ያላየሁትንም አልጽፍም። ቦዩ ጠርዝ ላይ በጀርባው ነበር የተገኘው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነበር። የቀረውን የጓሮ ግድግዳ ሌላ ቀቢ በሁለተኛው ሳምንት ጨረሰው፤ እሱም በመሰላል።

የወንድሜ ሚስት መድኃኒት ሻጩን ከሰሰች። «ያለ መወጣጫ ያሠራው እሱ ነው» አለች። ካሳ ከተገኘ ቤት ኪራዩን ያሻግራት ነበር። ግን የፈለገችው እሱን ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው «ጥፋቴ ነው» እንዲላት ነበር የፈለገችው። የፖሊስ መርማሪ ሁለታችንንም ጠራን። ቢሮው ጠባብ ነው፤ በመስኮቱና በመደርደሪያው መካከል ሁለት ወንበር ብቻ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ከወንድሜ የሥራ ልብስ ኪስ የተገኘው ነው፤ ቀለም ነክቶታል፣ ስድስተኛው ተራ ግን አልተሰረዘም፤ ፊርማም የለበትም። ሌላው የመድኃኒት ሻጩ ነው።

«ሴትዮዋ የሚሉት ትክክለኛው ይሄኛው ነው» አለ መርማሪው የወንድሜን ቅጂ እየነካ። «በዚህ መሠረት በመወጣጫ ተስማምተዋል፤ ሰውየው በኋላ ከልክሎታል። ሰውየው ደግሞ የሚለው ያኛው ነው። ሁለቱም በእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው። እርስዎ የመዝገብ ባለሙያ ነዎት፤ የትኛው ነው የሚጸናው?»

የወንድሜ ሚስት አላየችኝም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መስኮቱን ነበር የምታየው። ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። «ሲፈርም አልነበርኩም» ማለት እችል ነበር፤ ያ ደግሞ ውሸት አይሆንም። መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀኝ።

«የተፈረመበት» አልኩ።

ጻፈው። ከዚያ በኋላ የጠየቀን ነገር የለም። ወንድሜ አደጋውን አውቆ፣ ተስማምቶ እንደሠራ ተመዝግቦ ፋይሉ ተዘጋ።

ወጥተን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄድን። ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስንደርስ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው።

«አንቺ» አለች፣ «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ብትሳሳቺ ምን ነበረበት?»

ታክሲው መጣ። ገባች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።